አሥራ አራት ዓመት የቆመው የአባቴ የወፍጮ ሞተር እንዴት ተነሳ

ጓሮ ውስጥ ወይም መጋዘን ጥግ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ያላችሁ ሰዎች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የወፍጮም ይሁን፣ የውሃ መሳቢያም ይሁን፣ የመብራት ጄኔሬተርም ይሁን። ቆራሌው በር ላይ ቆሞ በኪሎ ሒሳብ ሲያወራችሁ ልባችሁ ለሁለት ከተከፈለ፣ መጀመሪያ የእኔን ስሙኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ጅማ ውስጥ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ በርጩማ፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ እሠራለሁ። ሞተሩን ያስነሳሁት በሰው ምክር፣ በትዕግሥት፣ ደግሞም እየተሳሳትኩ ነው። ስህተቶቼንም እነግራችኋለሁ። እናንተ እንዳትደግሟቸው።

እኛ ቤት ሞተሩ «ሊስተር» ነው የሚባለው። የፋብሪካው ስም ነው። እንግሊዝ አገር፣ ዱርስሊ በምትባል ትንሽ ከተማ የተሠራ። ይህ ዓይነቱ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1929 ወጥቶ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ብዙም ሳይለወጥ ሲመረት ኖሯል። የእኛው የነሐስ ሰሌዳ ላይ 6/1 ይላል። ስድስቱ የፈረስ ጉልበቱ ነው፤ አንዱ ደግሞ ሲሊንደሩ። በደቂቃ የሚዞረው 650 ጊዜ ብቻ ነው። ዛሬ የምናያቸው ጄኔሬተሮች 1500 ወይም 3000 ይዞራሉ። ዕድሜውን ካረዘሙለት ነገሮች አንዱ ይህ ዝግታው ነው። ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ትልልቅ ቮላኖዎች፣ ማለትም ከባድ የብረት መንኮራኩሮች፣ አሉት። አንዴ መዞር ከጀመሩ በዋዛ አይቆሙም።

አባቴ በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገዝቶ በኤንትሬ የጭነት መኪና አስጭኖ አመጣው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያኔ የግቤን በረሃ ወርዶ መውጣት ቀልድ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በሰፊ ቺንጋ ከወፍጮው ድንጋይ ጋር ተያይዞ 35 ዓመት ሠራ።

የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው። ሐሙስ የተሸመተ እህል አርብ ጠዋት ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ወረፋው ከበራችን አልፎ መንገድ ድረስ ይወጣ ነበር። በቆሎ፣ ጤፍ፣ ማሽላ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሚዛን ላይ እቆማለሁ። ሞተሩ ባዶውን ሲዞር «ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ» ይላል፤ ቀለል ያለ ድምፅ ነው። እህሉ ድንጋዩ ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ ይወፍራል፣ «ዱም፣ ዱም፣ ዱም»። እናቴ ማድ ቤት ቁጭ ብላ በድምፁ ብቻ ወረፋው ማለቁን ታውቅ ነበር። ያን ጊዜ ቡናውን ትጥዳለች።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር እዚህ ስድስቱን ፈረስ ሙሉ ለሙሉ አይሰጥም። አባቴ ይህን የሚያውቀው በስሌት ሳይሆን በዓይኑና በጆሮው ነው። ጢሱ መጥቆር ሲጀምር የሚወርደውን እህል ይቀንሳል። ጥቁር ጢስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በልጧል፣ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ። አሮጌ ሞተር ስታስነሱ ይጠቅማችኋል።

በ1990ዎቹ በሰፈራችን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ተከፈተ። በእጅ የሚዞር ማኖቤላ የለ፣ ናፍጣ የለ፣ ቁልፍ መጫን ነው። ደንበኛው ወደዚያ ሄደ። በማንም አልፈርድም። አባቴ በ1997 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ሞተሩን አቆመና ሸራ አለበሰው። ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴም አረፈ። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። በጋ እንኳ ቢሆን ብቅ ይላል። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በአንድ በኩል ተቀደደ። የጢስ መውጫው ቧንቧ አፉ ወደ ሰማይ እንደተከፈተ ነበር፤ ማንም ምንም አልደፋበትም። አሥራ አራት ክረምት ሙሉ ውሃ በዚያ ገባ። ቆራሌው ሁለት ጊዜ መጥቶ ዋጋ ሰጠን። ወንድሞቼ ይሸጥ አሉ። እናቴ ግን «ያስተማራችሁ እሱ ነው፤ የትም አይሄድም» ብላ ዘጋችው።

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አጎቴ ሊጠይቀን መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጥገና ውስጥ ነው። በዲዝል ባቡሮች ላይ ነበር የሚሠራው። ጅማ ባቡር ገብቶ አያውቅም፤ ለእኔ ባቡር ማለት ጋሼ (አጎቴን የምጠራው እንዲህ ነው) የሚያወራው ወሬ ነበር። ቡና ከጠጣ በኋላ «እስቲ ያንን የአባትህን ሞተር አሳየኝ» አለኝ። ሸራውን ስገልጠው እኔ አፈርኩ። እሱ ምንም አላለም። ባትሪ አብርቶ የጢሱን ቧንቧ ውስጥ አየ። ጎንበስ ብሎ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አወጣና አሸተተ። ማኖቤላውን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«እንዳታዞረው። መጀመሪያ ውሃ የለበትም ወይ ብለህ ጠይቅ።»

ከዚያ የባቡሩን ነገር ነገረኝ። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በእንፋሎት ሲሠራ ቆይቶ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ ዲዝሎቹ መግባት ጀመሩ። እኔ የዲዝል ባቡር ሞተር እንደ መኪና በካምቢዮ ጎማውን የሚያዞር ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የናፍጣው ሞተር የሚያዞረው ትልቅ ጄኔሬተር ነው። ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከታች የጎማዎቹ አክስል ላይ የተቀመጡትን ሞተሮች ያዞራል። ናፍጣ የሚበላ ተንቀሳቃሽ የመብራት ኃይል ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር ቆሞ ካደረ በኋላ እንዲሁ አይነሳም። ሲሊንደሮቹ ላይ ያሉት ትንንሽ ቧንቧዎች ይከፈታሉ፤ ሞተሩ ያለ ናፍጣ በቀስታ ይዞራል። ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ካለ በዚያ ተፍቶ ይወጣል። ጋሼ ይህን «ማሳል» ነው የሚለው። «ሳይስል አታስነሳው» ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ውሃ እያለ በጉልበት ካዞራችሁት ወይ ፒስቶኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው፣ ይጎብጣል፣ ወይ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይሰነጠቃል።

በኋላ ድሬዳዋ ሄጄ እነዚያን ባቡሮች ከእሱ ጋር አይቻቸዋለሁ። ከውጭ ቀለማቸው ፀሐይ በልቶት ነጥቷል። ጋሼ የአንዱን ጎን በእጁ መዳፍ እየዳበሰ ሄደ፣ ልክ ፈረስ እንደሚዳብስ ሰው። «እነዚህን የገደላቸው ዳገት አይደለም» አለኝ። «አዋሽን ሲወርዱ ሲወጡ ኖረው አልሞቱም። የገደላቸው መቆም ነው።» በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ ሐዲዱም ሰፊ ነው። አሮጌዎቹ በእሱ ላይ መሄድ አይችሉም። የእኛን ወፍጮ የገጠመው ነገር ድሬዳዋንም ገጥሟታል። ይህን ሳይ ሥራዬን የበለጠ ወደድኩት። ባቡር ማስነሳት ለእኔ የሚታሰብ አይደለም። አንድ ሲሊንደር ግን እችላለሁ።

ወደ ሥራው ልመለስ።

የመጀመሪያው ምክር፦ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። ከየአቅጣጫው። እያንዳንዱን ቡሎን፣ እያንዳንዱን ቧንቧ። እኔ በስልኬ ከሁለት መቶ በላይ አንስቻለሁ። ከአራት ወር በኋላ «ይህቺ ስፕሪንግ የየት ናት?» ብዬ ስጨነቅ ያዳነኝ እሱ ነው። የፈታችሁትን ዳዶና ቡሎን በየፌስታሉ አድርጋችሁ ላዩ ላይ ጻፉበት።

ሁለተኛው ምክር ከሁሉ የሚያመኝ ነው። ለማጽዳት አትቸኩሉ። እኔ በሁለተኛው ቀን የሽቦ ብሩሽ ይዤ ወረድኩበት። ዝገቱን፣ የድሮውን አረንጓዴ ቀለም፣ ሁሉንም አንድ ላይ ፈገፈግኩት። ማታ ስልኬ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሳይ ደነገጥኩ። የውሃው በርሜል ባለበት በኩል፣ ሞተሩ ገላ ላይ፣ አባቴ በነጭ ቀለም ቁጥሮች ጽፎ ነበር። ድንጋዩ የተወቀረባቸው ቀናት ናቸው። በዱቄትና በጢስ ተሸፍነው ስለነበር ሳልፈገፍግ በፊት አላስተዋልኳቸውም። አሁን ያሉት ፎቶው ላይ ብቻ ነው፣ ያውም በግማሽ። ጋሼ በስልክ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ዝገት ብረት ይበላል፤ አንተ ደግሞ ታሪኩን በላህ። ከእንግዲህ በጨርቅና በነጭ ጋዝ ብቻ» አለኝ። ትክክል ነው። ቆሻሻውን በጨርቅ አውጡ፤ ቀለሙን ተዉት። ባዶ የሆነው ብረት ላይ ዘይት ቀቡበት። አዲስ የሚመስል አሮጌ ሞተር ብዙ ነገር ጠፍቶበታል።

አሁን ፒስቶኑ። ቴስታታውን ስናነሳ የሲሊንደሩ ግድግዳ የቡና አተላ መስሏል። ፒስቶኑ ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። የጢሱ ቫልቮላ (ጢሱን የሚያስወጣው በር) ክፍት ሆኖ ስለቆመ ውሃው በዚያ ነው የወረደው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው እንጨት አስደግፎ በመዶሻ የሚመታው። አታድርጉት። ፒስቶኑ ይሰነጠቃል፣ ወይ ፋሻው (ፒስቶኑ ላይ ያለው የብረት ቀለበት) ተሰብሮ ግድግዳውን ያርሰዋል። እኛ ግማሽ ነጭ ጋዝ፣ ግማሽ የመሪ ዘይት ቀላቅለን ላዩ ላይ አፈሰስን። ተውነው። በየሁለት ቀኑ ሄጄ አያለሁ፤ ከጎደለ እሞላለሁ። አሥራ ስድስት ቀን እንደዚያ ቆየ።

ለማዞር ስንሞክር ደግሞ የቮላኖውን ዘንጎች በዱላ አልገፋንም። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ነው፤ ይሰበራል እንጂ አይጎብጥም። ጠንካራ ገመድ በዙሪያው ጠምጥመን እኔና የሥራ ቤቴ ልጅ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ሳብነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም። ሁለተኛውም ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን «ክክ» አለና የፀጉር ያህል ተንቀሳቀሰ። ያን ቀን ሌላ አልጨመርንም። ዘይት አፍስሰን ወደ ቤታችን ገባን። በሳምንቱ ሙሉ ዙር ዞረ።

እዚህ ላይ አንድ የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። የላይኛው ክፍል እንደዚያ በዝገት ተበልቶ፣ ከታች የጎኑን ክዳን ስንከፍት ውስጡ ንጹሕ ነበር። ከታች ያለው ዘይት ማር መስሎ ተቀምጧል። ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች ላይ የዝገት ነጥብ የለም። የሠራ ዘይት እንዲህ አይመስልም። የሠራ የናፍጣ ዘይት ጥቁር ነው፤ አሲድም ስላለበት ቆሞ ሲከርም ብረት ይበላል። ነገሩ የገባኝ እናቴ ከሣጥኗ የአባቴን ደብተር ስታወጣልኝ ነው። ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያው ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከነቀኑ፦ «ዘይት ተቀየረ። ድንጋይ ተወቀረ።» የመጨረሻው መስመር ሰኔ 11 ቀን 1997 ይላል። «ዘይት ተቀየረ» ብቻ። ሞተሩን ያቆመበት ቀን ነው። አቁሞት ዘይቱን ቀይሮለት ሸራውን አልብሶት ሄደ። ለጋሼ በስልክ አነበብኩለት። «ለሚጥለው ሞተር ዘይት የሚቀይር ሰው የለም» አለኝ። አባቴ አንድ ሰው እንደሚያስነሳው ጠብቋል። እንደዚያ ነው ያመንኩት። አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው።

ስለዚህ ሞተራችሁን ለረጅም ጊዜ ልታቆሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ዘይቱን ቀይሩ፤ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ አዙሩትና አዲሱ ዘይት ሁሉም ጋ ይድረስ። የናፍጣ ታንኩን ሙሉ፤ ባዶ ታንክ ውስጥ እርጥበት ላብ ሆኖ ይወርዳል። የጢሱ ቧንቧ ላይ ጣሳ ድፉበት። አባቴ ያልሠራት አንዲት ነገር ይህቺ ጣሳ ናት። ብታስቡት ጉዳቱ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው።

መለዋወጫ አይገኝም ብላችሁ አትፍሩ። ይህንን ሞተር ሕንዶች፣ በተለይ ራጅኮት በሚባል ከተማ፣ ለብዙ ዓመታት አስመስለው ሲሠሩት ኖረዋል። አብዛኛው ዕቃቸው ለዋናውም ይገጥማል። አብዛኛው ነው ያልኩት፣ ሁሉም አይደለም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከአንድ ሱቅ ፋሻ ገዝቼ ጅማ ስደርስ አልሆነም። ሻጩ «ይገጥማል» ብሎ ምሎልኝ ነበር። 350 ኪሎ ሜትር ለከንቱ። ከዚያ ወዲህ አሮጌውን ዕቃና የሲሊንደሩን ልክ ሳልይዝ ገበያ አልወጣም። አዲስ ፋሻ ሲመጣም ፒስቶኑ ላይ ከማግባታችሁ በፊት ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ክተቱት፤ በፒስቶኑ ራስ ቀጥ አድርጋችሁ ገፉትና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ጫፎቹ ከተነካኩ ሲሞቅ ይነክሳል። በጣም ከተራራቁ ደግሞ ጉልበት የለውም።

ይህ ሞተር አንድ ልዩ ነገር አለው። ቴስታታው ጎን ላይ ትንሽ እጅ መዘወሪያ አለች። ከኋላዋ ትርፍ ክፍተት አለ። ወደ ውስጥ ስታጠብቋት ክፍተቱ ይዘጋል፤ አየሩ በጠባብ ቦታ ስለሚታመቅ የበለጠ ይሞቃል፣ ሞተሩም በቀዝቃዛው ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ስትፈቷት መታመቁ ይቀንስና በሙሉ ሸክም ሲሠራ አይጨነቅም። ልጅ ሆኜ አባቴ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሁልጊዜ እሷን ሲያዞር አይ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩትም። የእኛዋ ተጣብቃ ቀርታለች። እኔ በትዕግሥት ፋንታ የቧንቧ መፍቻ አመጣሁ። ጥርሷ ተበላ። ጅማ ያለው ቶርኖ ቤት አዲስ አወጣልኝ፤ ወጪው ከፋሻው ይበልጣል። እናንተ ዘይት አጠጡና ዙሪያዋን ብቻ ቀስ ብላችሁ አሙቁ። ትፈታለች።

የናፍጣው መሥመር ብዙ ትዕግሥት አይፈልግም፣ ንጽሕና ብቻ ነው። የቆመ ናፍጣ ከታች ውሃ፣ ከላይ እንደ ሙጫ ያለ ዝልግልግ ነገር ይሠራል። ሁሉንም ድፉት። ታንኩን እጠቡ፤ ፊልትሮ ቀይሩ። ናፍጣውን የሚረጨውን ኢኔቶሬ ማስፈተሽ ከቻላችሁ አስፈትሹ። ግን አንድ ነገር፦ ኢኔቶሬ ሲረጭ ጣታችሁን ፊቱ እንዳታደርጉ። ግፊቱ ቆዳ በስቶ ናፍጣውን ሥጋ ውስጥ ይከተዋል። ቁስሉ ላይ ላዩን ትንሽ ይመስላል፤ እጅ ያስቆርጣል።

ማቀዝቀዣው በርሜል ውሃ ነው፣ ፖምፓ የለውም። የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወጥቶ በርሜሉ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ በታችኛው ይመለሳል። ውሃው ከላይኛው ቱቦ አፍ በታች ከወረደ ዑደቱ ይቆማል። እኔ የዝናብ ውሃ ነው የምጠቀመው። ደለልና ኖራ የለበትም፤ ጅማ ውስጥ ደግሞ የዝናብ ውሃ ችግር የለም።

ሚያዝያ 26 ቀን 2011፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ለማስነሳት ተዘጋጀን። በሩንም መስኮቱንም ከፈትን። ከማስነሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር አዘጋጁ። አንደኛ፣ የአየር መግቢያውን የሚዘጋ ጣውላ። አሮጌ ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ካለ ዘይቱን እንደ ናፍጣ አቃጥሎ ከቁጥጥር ውጪ ሊሮጥ ይችላል፤ ናፍጣ ብትዘጉም አይቆምም። አየሩን በጣውላው ዝጉት፣ እጃችሁን ግን እንዳታስጠጉ። ሁለተኛ፣ ነጠላ፣ ሻርፕና ረጅም ቀሚስ ከቮላኖውና ከቺንጋው ይራቅ። ልጆችን ከደጅ አስቁሟቸው። ማኖቤላውን ስትይዙ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉት። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰ አውራ ጣት የሚሰበረው ተቃቅፎ ሲይዝ ነው።

ጋሼ ድሬዳዋ ሆኖ ስልኩ ክፍት ነበር። ስልኩን የሥራ ቤቴ ልጅ ይዞታል። መጀመሪያ አሳልነው። የጢሱን ቫልቮላ ከፍቶ የሚይዘውን ማንሻ ይዤ፣ ናፍጣ ሳልሰጥ አሥር ዙር ያህል አዞርኩት። ቧንቧው ጥቁር ውሃና ዝገት ተፋ። ከዚያ ናፍጣ ከፈትኩ። ስታዞሩ ኢኔቶሬው በየሁለት ዙሩ «ጭርክ» ማለት አለበት። ያ ድምፅ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም፣ አየር ይዟል፤ አትድከሙ። የእኛው ሲጮህ ሰማሁት። ጋሼም በስልክ «ሰማሁት፣ ሰማሁት፣ አሁን ፍጥነት ጨምር» አለ። እጄ ዝሎ ነበር። ቮላኖው ሲከብድና ራሱን መሸከም ሲጀምር ማንሻውን ለቀቅኩት።

አንድ ጊዜ «ዱም» አለ። ዝም አለ። ቮላኖው አልፎ ሄደ። ደግሞ «ዱም»። ከዚያ ነጭ ጢስ ቤቱን ሞላው፣ ደግሞ ደግሞ መታ፣ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። እናቴ በረንዳው ላይ ነበረች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጋሼ የሚለው ነገር በድምፁ ጠፍቶ አልሰማሁትም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን በቁና በቆሎ ይዘው መጡ። ማንም አልነገራቸውም። ድምፁን ሰምተው ነው። ድሮ ወረፋ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ቆሙና «ተራ አለ?» አሉኝ። ድንጋዩ ገና አልተወቀረም ነበር፤ ደርቆ የቆየ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በሳምንቱ እንዲመጡ ነገርኳቸው። መጡም።

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ይነሳል። ዝም ብሎ ባዶውን እንዲዞር ግን አላደርግም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ናፍጣ ሞተር ሳይሞቅና ሳይጫንበት ለአምስት ለአምስት ደቂቃ ብቻ ሲዞር ይጎዳል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ጥላሸቱ ፋሻውንና ማርሚታውን ይይዛል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሥራ እሰጠዋለሁ። ለከብት መኖ የሚሆን በቆሎ እንፈጫለን። የሰፈሩ ሰው ያመጣል፤ የናፍጣውን ብቻ ነው የምንቀበለው። በሰዓት ቢበዛ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጠጣል።

ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ከተማው ውስጥም ሙዚየም አለ። ሰው ሄዶ የንጉሡን ዕቃ ያያል፣ ደስ ይለኛል። ግን ከተማዋን ያበላት ሞተር፣ የቡና መፈልፈያው፣ የድሮው ጄኔሬተር በየጓሮው ዝገት እየበላው በኪሎ ይሸጣል። የትምህርት ቤት ወይም የእርሻ ማኅበር ንብረት ከሆነ ከመሸጡ በፊት ቢያንስ የሰሌዳውን ቁጥር ጻፉ፣ ፎቶ አንሱት፣ ያንቀሳቅሱት የነበሩትን አዛውንት ጠይቁ። ድምፁንም በስልክ ቅዱት። እኔ የአባቴን ዘመን ድምፅ አልቀዳሁም፤ ያኔ መቅጃም አልነበረን።

አሁን የቀረኝ የናፍጣ ፖምፓው ነው፤ ከሥሩ ጠብ ጠብ ይላል። ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ሁለት ጊዜ ቀየርኩት፣ አልተወውም። ለጊዜው ጣሳ ደቅኜበታለሁ። የቆርቆሮው ቀዳዳ ተደፍኗል። የጢሱ ቧንቧም ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲነሳ ራሱ ይከፈታል፣ ሲቆም ይደፋል።

ደብተሩን ቀጠልንበት። ከአባቴ የመጨረሻ መስመር ሥር አንድ መስመር ባዶ ተውኩና ሚያዝያ 26ን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ እኔ ያን ሰዓት እጄ ዘይት ነው። ባለፈው ቅዳሜ «ምን ልበል?» አለችኝ። ከላይ ያለውን አሳየኋት። «ዘይት ተቀየረ። ድንጋይ ተወቀረ።» ብላ ጻፈችና ከጎኑ «ፖምፓው አሁንም ያፈሳል» ብላ ጨመረች።